መጨረሻ የነካው ማን ነው?

ትርንጎ በሞተች ማግስት የቅሬያችን ጠሪ ገና ጎህ ሲቀድ ሰፈሩን እየዞረ፣ «የሹፌር ጌታቸው ባለቤት አርፋለች፤ ቀብር ስድስት ሰዓት ነው፤ የሰማህ ላልሰማ አሰማ» አለ። የሐይቅ ከተማ ሕዝብ ግማሹ ማን እንደሞተ አላወቀም። በእኛ ሰፈር ጌታቸው የሚባል ሹፌር ሦስት ነው። ሰው ነጠላውን አዘቅዝቆ ሦስቱም ቤት ሄደ። በአንደኛው ቤት ሞተች የተባለችው ባለቤት ራሷ በር ከፍታ «ምን ሆናችሁ?» ብትል ሁለት ሴቶች ደንግጠው ወደቁ። ለእኔ ሲነገረኝ ሁለት ነበሩ፤ እኔ ሳወራው አምስት ናቸው።

አሁን ግን ለማሳቅ አይደለም የማወራው። ተናድጄ ነው። ጠሪው «ትርንጎ» ብሎ አንድ ጊዜ ቢጮህ ኖሮ ከአርዲቦ እስከ ውጫሌ ከቤቷ የማትወጣ እናት አልነበረችም፤ የሐይቁ ዓሣ ሳይቀር ብቅ ይል ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ የዚህን አገር ስልክና ኮምፒውተር ከሞት ያስነሳች ሴት፣ ራሷ ስትሞት የሰው ባለቤት ተብላ ተጠራች።

የጠሪውን አንገት ልይዝ ተነስቼ ነበር። ኋላ ግን እሱ ምን አጠፋ? መዝገብ አይቶ ነው የጠራው። መዝገባችን ሁለት ገጽ አለው፣ የወንድና የሴት። በወንዶቹ ገጽ የባሏ ስም እንደተጻፈ አለ። በሴቶቹ ገጽ የትርንጎ ስም ተሰርዟል። የሰረዝኩት እኔ ነኝ፤ የቅሬው ጸሐፊ እኔ ነኝና። እመጣበታለሁ።

ቅሬ ለሌላ አገር ሰው እድር በሉት። ለእኛ ግን ከዚያ ይሰፋል። እስላም ክርስቲያን ሳይል ይቀብራል፣ የተጣላ ያስታርቃል፣ የቤት ቃጠሎ ያጠፋል። ከቅሬ የተሰረዘ ሰው በሕይወት እያለ ግማሹ የተቀበረ ነው።

በቀብሯ ላይ ሌላም ነገር ጠበቀኝ። የመስሪያ ቤታችን ኃላፊ ትልቅ የአበባ ጉንጉን አሸክሞ መጣና የሕይወት ታሪኳን አነበበ። «ዝምተኛ፣ ታዛዥና የተሰጣትን ሥራ ሳታማርር የምትፈጽም» አለ። ከሙስሊም ጎረቤቶቼ ጋር ከአጥሩ ጥግ ቆሜ ነበር፤ ወላሂ ሬሳ ሳጥኑ ተከፍቶ ቀና ብላ «ማን? እኔ?» ትላለች ብዬ ጠበቅሁ። ትርንጎ ዝምተኛ ከሆነች እኔ መነኩሴ ነኝ።

ያን ሰውዬ ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ አውቀዋለሁ። መስሪያ ቤቱ ውጫሌ ነው፤ ስሙ ይቅርብኝ፣ መጥራቱ ምራቄን ያመርረዋል። እኔ መዝገብ ቤት ነኝ። እሷ ከደሴ በኮምፒውተር ተመርቃ ስትመጣ፣ ኃላፊው ሴትና ኮምፒውተር አንድ ላይ ሲያይ ጸሐፊ የተላከችለት መሰለው። በእጁ የጻፈውን ረቂቅ ዘርግቶ «ይቺን ጻፊልኝ» አላት። ተቀብላ ቆማ አነበበችው፤ ከእኔ ጠረጴዛ ላይ እስክርቢቶ አንስታ ሦስት ቦታ አረመችና መለሰችለት። «እኔ የምጽፍልዎ አይደለሁም ጌታዬ፤ የሚጻፍበትን የምጠግን ነኝ። ስሕተቱን ግን አርሜልዎታለሁ» አለችው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰውዬው በፊቷ እስክርቢቶ ሲያነሳ አላየሁትም።

ካቻቢቴዋን የምትይዘው በጸጉሯ ነበር። ሹሩባዋን ከኋላ ጠቅልላ፣ ሌላው ሴት ማበጠሪያ በምትሰካበት ካቻቢቴ ትሰካለች። ማሽን ሲበላሽ እጇን ወደ ማጅራቷ ትልካለች፤ ጎራዴ የምትመዝ ትመስላለች። ሁለተኛ ልጇን አርግዛ በስምንተኛ ወሯ የጣሪያው አንቴና ወደቀ። ወንዶቹ ሁሉ ቀና ብለን እያየን «ባለሙያ ከደሴ ይምጣ» ተባባልን። እሷ ነጠላዋን ከሆዷ በታች አሥራ መሰላሉን ወጣች። እኔና ዘበኛው መሰላሉን ይዘን፣ እሱ ለማርያም እኔ ለአላህ፣ ያለንን ሁሉ ተሳልን። እሷ ከላይ ሆና ማሰሪያው ዝጓል፣ ይኸ ስንት ዓመት ሳይታይ ቆየ እያለች ትሳደባለች። ኃላፊው ታዛዥ ያለው ይኸን ነው።

ኮምፒውተሮቹን በከብት ስም ትጠራቸው ነበር። የሒሳብ ክፍሉ ቦራ፣ የመዝገብ ቤቱ ዳልቻ፣ ያ በየሳምንቱ የሚታመመው ጥቁሩ ጉራቻ። የኃላፊው ኮምፒውተር ወይፈን ነበር፤ ሥራ ላይ ተጠምዶ አያውቅማ፣ ካርታ ሲጫወትበት ነው የሚውለው። እያንዳንዱ እንደ በሽተኛ ካርድ ያለ ገጽ ነበረው፤ ሰማያዊ ልባስ ባለው ደብተር ውስጥ ትጽፋለች። ስም፣ ሕመም፣ መድኃኒት። አንድ መስመር ግን ሌላ የትም መስሪያ ቤት አላየሁም፦ «መጨረሻ የነካው»።

ማሽን ተበላሸ ብሎ የጠራት ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ይኸንኑ ነው። ሰላምታም አትሰጥም። «መጨረሻ የነካው ማን ነው?» ሰው ሁሉ እጁን ኪሱ ይከታል። አንድ ጊዜ «አቦ ትርንጎዬ፣ ፖሊስ ነሽ እንዴ?» ብላት የመለሰችልኝ አሁን ድረስ ጆሮዬ ላይ አለ። «ልቀጣው አይደለም አያ ሰይድ። የነካው ሰው ምን እንዳደረገ ካልነገረኝ ሕመሙ ከየት እንደጀመረ አላገኘውም። የዋሸኝ ሰው ማሽን ሁለቴ ነው የሚበላሸው።»

የወይፈን ኪቦርድ አልሠራ ያለ ቀን ኃላፊው ማንም ምንም አላፈሰሰበትም ብሎ ማለ። ገለበጠችና አራገፈችው፣ ጫፉን በጣቷ ነክታ ቀመሰች። «ሁለት ስኳር ነው፤ እዚህ ቢሮ ሻይ በሁለት ስኳር የሚጠጣ አንድ ሰው ነው የማውቀው» ብላ ወጣች። ሰውዬው ያን ኪቦርድ እስከ ዛሬ ይቅር አላላትም። እውቀቷን ይቅር ያላላት ደግሞ ከዚያ በፊት ነው።

ከሐይቅ ውጫሌ ጠዋት ሄደን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንመለሳለን፣ አንድ ሚኒባስ፣ አንድ ወንበር፣ ስንት ዓመት። የመስኮቱ ቦታ የእሷ ነው፤ ረዳቱ ሌላ ሰው አያስቀምጥበትም። ስንመለስ ውጫሌን ሳንወጣ ራሷን መስኮቱ ላይ ጥላ ትተኛለች። ሐይቁ ብልጭ የሚልበት መታጠፊያ ጋ ስንደርስ ግን ማንም ሳይቀሰቅሳት ትነቃለች፤ አንድ ቀን እንኳ አልፏት አያውቅም። ካቻቢቴዋን ከጸጉሯ ነቅላ ቦርሳዋ ትከታለች፣ ነጠላዋን ታስተካክላለች። ከመታጠፊያው ወዲያ ማዶ ባለሙያ ናት፣ ወዲህ እናት ናት። በሁለቱ መሃል ያላት ዕረፍት ያቺ እንቅልፍ ብቻ ነበረች። መንገደኛው ሁሉ ስለሚያውቅ በእኛ ሚኒባስ ትርንጎ ስትተኛ ሙዚቃ አይከፈትም ነበር።

በሯ ላይ ደግሞ ሌላ ሥራ ይጠብቃታል። እናቶች ደንጋይ ላይ ተደርድረው ስልካቸውን እንደታመመ ሕፃን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ልጆቻቸው ጂዳ፣ ሪያድ፣ ኩዌት ናቸው። አንዱ ድምፅ አይሰማም፣ አንዱ ምስል አያመጣም። ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ቁጭ ብላ፣ በአንድ እጇ የልጇን የቤት ሥራ እያየች በሌላው የሰው ስልክ ትነካካለች። ጎረቤታችን ዘሃራ ሪያድ ያለች ልጇን ድምፅ ከሰማች አራት ወር ሆኗት ነበር፤ በሐዘን ገረጣች፣ ዱዓ ያላደረገ ሼህ፣ ያላለቀሰችበት በር አልቀረም። ትርንጎ ስልኩን አገላብጣ አየችና አንድ ነገር ነካች፤ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ልጅቷ ደወለች። ዘሃራ መሬት ወርዳ እግሯን ልትስም ነበር።

በማግስቱ ሚኒባስ ላይ ምን ሆኖ ነው ብዬ ጠየቅኋት። ዘሃራ ራሷ በአውራ ጣቷ ሳታውቅ የልጇን ቁጥር ዘግታው ኖሯል። ልጅቷ በየቀኑ ስትደውል እናትየው በራሷ ስልክ አግዳታለች። «ነገርሻት?» አልኩ። «አብደሃል እንዴ አያ ሰይድ?» አለችኝ። መጨረሻ የነካው ማን ነው ብላ ሳትጠይቅ የቀረችው ያን ቀን ብቻ ነው።

አሁን ወደ መዝገቡ ልምጣ። የቅሬያችን ሕግ ሦስት ቀብር በተከታታይ የቀረ ይሰረዛል ይላል። መንገደኛ ግን አይቆጠርበትም። መንገደኛ የሚባለው ሹፌር ነው፣ ነጋዴ ነው፣ ዓረብ አገር ያለ ነው። የትርንጎ ባል ጌታቸው የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው፤ አካፋ ከጨበጠ ዘመን ሆኖታል። ሰው ሲሞት ከጋላፊ ይደውልና «አለሁበት በሉልኝ» ይላል፤ እኔም በስሙ ትይዩ «መንገደኛ» ብዬ እጽፋለሁ። ጥሩ ሰው ነው፣ አልቀየመውም። ሚስቱ ግን በየቀኑ ጠዋት ከሐይቅ ውጫሌ ሄዳ ማታ የምትመለሰው መንገደኛ አትባልም። ለምን ሲባል፣ ማታ ተመልሳ ወጥ ትሠራለቻ። ወጥ የምትሠራ ሴት መንገድ አልሄደችም ማለት ነው። ይኸን ሕግ ያወጣው ሰው ከሞተ ቆይቷል፤ ሕጉ ግን ጤነኛ ነው፣ ጉንፋን እንኳ አይዘውም።

ጦርነቱ አልፎ ወደ ቢሮ ስንመለስ የቀረልን ግድግዳው ነበር። ቦራ የለችም፣ ዳልቻ የለችም፣ ያ በሽተኛው ጉራቻ እንኳ ተነድቷል። የአምባሰል ገበሬ የመሬት ይዞታ የተጻፈበት ወረቀት ሁሉ አመድ ሆኗል። ኃላፊው ደረጃው ላይ ተቀምጦ ራሱን ይዞ ነበር። ትርንጎ መቀነቷን ፈታች። ከውስጡ በፌስታል የተጠቀለለ፣ ከእጅ መዳፍ የማይበልጥ ዲስክ አወጣች። ስንሸሽ ትንሽ ልጇን በጀርባዋ፣ ትልቋን በእጇ፣ ዲስኩን በመቀነቷ ይዛ በእግሯ ነበር የሄደችው። ማንም ያዢ ወይም አትያዢ አላላትም፤ ማንም መኖሩንም አያውቅም። የአንድ ወረዳ መሬት በአንዲት ሴት ወገብ ዙሪያ ታሥሮ ሄደ፣ ታሥሮ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት አሁን ሳስበው ያመኛል። በተዋሰችው ሁለት አሮጌ ኮምፒውተር መዝገቡን አንድ በአንድ መለሰችው። እሑድም ትሄዳለች። ገበሬው በር ላይ ተሰልፏል፤ ወንድማማቾች ድንበር ላይ ተፋጥጠው፣ አንዱ ዱላ አንዱ ምንሽር ይዞ ይመጣል። እሷ አንድ ወረቀት አትማ ታወጣላቸዋለች፤ ዱላውን መሬት ጥለው ይሄዳሉ። ስንት ሰው ሳይገዳደል እንደቀረ እሷም አልቆጠረችም፣ እኔም አልቆጠርኩም።

ሥራው ሲያልቅ የክፍል ኃላፊነት ቦታ ተከፈተ። ሁላችንም የእሷ ነው አልን። ቦታው እሷ ካቻቢቴ አያያዝ ላስተማረችው ጎረምሳ ተሰጠ። ለምን ብላ ገብታ ስትጠይቅ ኃላፊው ለስለስ ባለ አንደበት፣ አንቺ ልጆች አሉሽ፣ ለቅሶ አለብሽ፣ ማኅበራዊ ሕይወትሽ ሰፊ ነው፣ እንዳንጫንሽ ብለን ነው አላት። አዘነላት፣ ገባችሁ? በመቀነቷ ባዳነችለት ወንበር ላይ ተቀምጦ አዘነላት።

በእነዚያው ሳምንታት ውስጥ ሰፈራችን ሦስት ቀብር ነበር። ሦስቱንም ቀረች።

ቅሬው ዋንዛው ሥር ተሰበሰበ። የቅሬው ዳኛ ጋሽ ይማም መዝገቡን አስገልጠው የቀሩትን አስጠሩ። ትርንጎ ጋ ስደርስ ጋሽ ይማም ወደ እኔ ዞሩና፣ አንተ አብረሃት ትሠራለህ፣ ይች ልጅ ምን ሆና ነው የምትቀረው አሉኝ። ጥያቄው እውነተኛ ጥያቄ ነበር። ሽማግሌው ምክንያት ፈልገው ነው የጠየቁኝ። ሁሉንም አውቅ ነበር። ዲስኩን፣ ሰልፉን፣ ዱላውን፣ እሑዱን። ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር።

እኔ ግን ምን አልኩ? «እሷማ ለቅሶ ላይ ናት ጋሽ ይማም፤ ሠላሳ ኮምፒውተር ሞቶባት እሱን እየቀበረች ነው።»

ዋንዛው እስኪረግፍ ተሳቀ። ጋሽ ይማም ዓይናቸውን እየጠረጉ «በል ሰርዝ» አሉኝ። ሰረዝኩ። እስክርቢቶው መዝገቡ ላይ በክር የታሠረ ነው፤ ስቤ ሰረዝኩ። ሌላው ሁሉ ይቅር፣ ያኔ ደስ ብሎኝ ነበር። ቀልዴ ስለያዘልኝ ደስ ብሎኝ ነው ወደ ቤቴ የሄድኩት።

በአራተኛው ወር እናቷ ሞቱ። አሮጊቷ የተጻፉት በትርንጎ ስም ሥር ነበር፤ ስሟ ሲሰረዝ እሳቸውም አብረው ወጡ። ጠሪው አልወጣም። ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ቃሬዛው በቅሬው መጋዘን እንደተቆለፈ ቀረ። መስሪያ ቤቱ የቅሬ ሴት ናት ብሎ ጣላት፤ ቅሬው የመስሪያ ቤት ሴት ናት ብሎ ጣላት። እሷ መሃል ላይ እናቷን ታቅፋ ተቀመጠች።

ያን ቀን ዘሃራ ስልኳን አወጣች። በድምፅ ቀድታ ለሚያውቋት እናቶች ሁሉ ላከች፤ ትርንጎ ያስተማረቻት ነው። «የትርንጎ እናት ሞተዋል። ሬሳ የሚያነሳ ወንድ የለም። ከልጅሽ ካገናኘችሽ ነይ።» ይኸው ነው ያለችው። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ሰፈሩ በሴት ሞላ፤ ነጠላም ሒጃብም። አሮጊቷን በጠፍር አልጋቸው ላይ አድርገው ሴቶቹ ተሸከሙ። በዚህ አገር ሴት ሬሳ ስትሸከም ታይቶ አይታወቅም። ወንዶቹ በየደጃችን ቆመን አየን። ሕግ ነው፤ የተሰረዘን አንቀብርም። ቤተክርስቲያኑ አቀበት ሥር ሲደርሱ ዘሃራ አንሸራተታትና አልጋው ተንጋደደ። ያኔ ሮጥኩ፤ ሌሎቹም ከኋላዬ ሮጡ። የአልጋውን አንድ እግር ትከሻዬ ላይ አደረግሁ። ትርንጎ ዞር ብላ ትከሻዬን አየች፤ ፊቴን ግን አላየችም።

ከለቅሶው በኋላ ሥራ በገባች ቀን፣ ሚኒባሱ ውስጥ፣ ገና ሳንነሳ ጠየቀችኝ። «አያ ሰይድ፣ መዝገቡን መጨረሻ የነካው ማን ነው?»

«ኮሚቴው ነው» አልኳት።

«ኮሚቴ እጅ የለውም» አለች። ከዚያ ራሷን መስኮቱ ላይ ጣለች።

ከሳምንት በኋላ ሽማግሌዎቹ አፍረው፣ ይቅርታ ጠይቂና ተመለሺ አሏት። ምን አጥፍቼ አለች። እመለሳለሁ፣ ግን መዝገቡ ላይ አንድ መስመር ይጨመር፦ ሠርታ የምትመለስ ሴት መንገደኛ ትባል። ለእኔ ብቻ አይደለም፣ ክሊኒክ የምታድረው ነርስ አለች፣ የገጠር አስተማሪዋ አለች፣ ነገም የእናንተው ልጆች አሉ አለች። ጋሽ ይማም ጸሐፊው በሚቀጥለው ስብሰባ ያቅርበው አሉ። ጸሐፊው እኔ ነኝ። ሳላቀርበው ሦስት ዓመት አለፈ። አንድ ጊዜ ዝናብ ነበር፣ አንድ ጊዜ ሠርግ ነበር፣ አንድ ጊዜ ጋሽ ይማም ከፍቷቸው ነበር። እውነቱ ግን፣ ጥያቄው ከተነሳ ለምን ተሰረዘች ይባላል፤ ለምን ከተባለ ቀልዴ ይነሳል። ትርንጎ በየጊዜው ሚኒባስ ላይ «አቀረብከው?» ትለኛለች። «በሚቀጥለው» እላለሁ። አትጨቀጭቀኝም። ትተኛለች።

የመጨረሻዋ ቀን ከሰዓት በኋላ ራሴን አመመኝ ብላ ነበር። ጎረምሳው የክፍል ኃላፊ አንድ ነገር አበላሽቶ እስከ መውጫ ሰዓት አስቆማት፤ አስተካክላለት ወጣች። ሚኒባሱ ላይ ራሷን መስኮቱ ላይ ጣለች። እንደ ወትሮዋ ነው። ረዳቱ አዲስ ልጅ ስለነበረ ሙዚቃ ሊከፍት ሲል ሁላችንም ባንድ አፍ ተው አልነው። ነጠላዋን እኔ ነኝ ትከሻዋ ላይ ያደረግሁላት። መታጠፊያው ጋ ደረስን፣ ሐይቁ ብልጭ አለ። አልነቃችም። ደክሟታል አልን። የመጀመሪያ ጊዜዋ ነው፣ ትተኛ አልን። ከተማው እስክንገባ ድረስ፣ አሥራ አራት ሰው፣ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን፣ እንዳትነቃ ተጠንቅቀን ሄድን። ካቻቢቴው ጸጉሯ ላይ እንደተሰካ ነበር።

ሐኪሙ የደም ግፊት ነው አለ፤ ቶሎ ብትደርስ ኖሮ ያለውን ሌላ ነገር አልሰማሁትም፣ ጥዬው ወጣሁ።

ከሰልስቷ በኋላ ደሴ የምትማረው ትልቋ ልጇ ሰማያዊውን ደብተር ይዛልኝ መጣች። እናቴ አያ ሰይድ ነው የሚያውቀው ስትል ሰምቻለሁ አለችኝ። ገለጥኩት። ቦራ አለች፣ ዳልቻ አለች፣ ወይፈን ከነስኳሩ አለ። የመጨረሻው ገጽ ላይ በእሷ እጅ እንዲህ ተጽፏል፦ «ስም፦ የቅሬ መዝገብ። ሕመሙ፦ ሴት የሄደችበትን መንገድ አይቆጥርም። መጨረሻ የነካው፦ አያ ሰይድ። መድኃኒቱ፦ አንድ መስመር። የሚጠግነው፦» ከዚያ ወዲያ ባዶ ነው።

ታውቅ ነበር። ሦስት ዓመት አጠገቤ ስትተኛ ታውቅ ነበር።

እሑድ ቅሬው ዋንዛው ሥር ተሰበሰበ። ጋሽ ይማም፣ ትርንጎ ባለውለታችን ናት፣ ስሟን ለክብሯ ወደ መዝገቡ እንመልሰው አሉ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። በሕይወት እያለች አንድ መስመር የከለከልናትን ሴት አሁን፣ ቀባሪ በማትፈልግበት ጊዜ፣ በክብር ልንመልሳት። ተነስቼ፣ ስሟን የሰረዝኩት እኔ ነኝ፣ የት እንደነበረች አውቅ ነበር፣ ለማሳቅ ብዬ ደበቅኋችሁ አልኩ።

ሳቁ።

ሃምሳ ዓመት ሳስቃቸው ኖሬ ምን ሊያደርጉ? አፌን ስከፍት መሳቅ ለምዷቸዋል። አንዱ እንዲያውም «በል ጨርሳት!» አለኝ። ሳቁ እስኪያልቅ ቆሜ ጠበቅኋቸው። ማለቅ ሲጀምር ፊቴን አዩት፤ ከዚያ የሚስቅ ጠፋ።

«ጋሽ ይማም፣ ትርንጎ የት ነው የሞተችው?»

«መኪና ላይ ነዋ ልጄ።»

«መኪናው የት ነበር?»

«መንገድ ላይ።»

«እንግዲህ ከሥራዋ ስትመለስ መንገድ ላይ ሞታ መንገደኛ ካልተባለች፣ ምን ብትሆንላችሁ ነው የምትባለው?»

ከሴቶቹ ወገን ዘሃራ «አላህ ያሳያችሁ» ስትል ሰማሁ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንደኛው ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ነገሩ ከባድ ነው፣ በሚቀጥለው ስብሰባ እንየው አለ። የራሴ ቃል ነው። ቃል በቃል የእኔ ነው።

መዝገቡን ጉልበቴ ላይ ዘረጋሁ፣ እስክርቢቶውን በክሩ ስቤ የሕጉ ገጽ ላይ ጻፍኩ፦ «ሠርታ የምትመለስ ሴት መንገደኛ ናት።» ከሥሩ እንደ ትርንጎ ደብተር «መጨረሻ የነካው፦ ሰይድ» ብዬ ፈረምኩ። ጋሽ ይማም ማን ፈቀደልህ አሉኝ። ማንም አልኩ። መሰረዝ የሚፈልግ ይሰርዝ፤ የሚሰርዘው ግን እንደ እኔ ስሙን ከሥሩ ይጻፍ፣ ኮሚቴ ብሎ አይጻፍ። መዝገቡን ገልጬ ጠረጴዛው ላይ ትቼው ሄድኩ።

ይኸው ሁለት ወር ሆነ። በየስብሰባው ይገለጣል፣ ሁሉም ያቺን መስመር ያያታል፣ አንዳንዱ ያጉረመርማል። እስክርቢቶው በክሩ እንደታሠረ ነው። የነካው የለም።